ምግብን በጠርሙስ አሽጎ ስለ ማኖር፥ ይልቁንም በደጋ አገር ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

የአገራችን ሰው ምግብን ለክፉ ቀን ማኖር ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ሥጋውን ዘልዝሎ በጨውና በቅመም አሽቶ ቋንጣ ያደርጋል፤ እንጀራውን አድርቆ ድርቆሽ ያደርጋል፤ ቅቤውን ያነጥራል፤ እህሉን በጎተራና በጕድጓድ ያኖራል። ነገር ግን ከነዚህ ጥበቦች የሚበዙት ውሃን ከምግቡ በማውጣት የሚሠሩ ናቸው። ውሃ የመላበት ፍሬ፥ ይኸውም ቲማቲም፥ ኮክ፥ ማንጎና ይህን የመሰለው ሁሉ፥ በደረሰበት ወር ገበያውን ሞልቶ ዋጋው ይወድቃል፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ በስብሶ ይጣላል። ኋላ በጾም ወራት ሲፈለግ ግን አይገኝም፤ ቢገኝም በውድ ነው።

ይህንን ጕድለት ለመሙላት ምግብን በአፈ ሰፊ የመስታወት ጠርሙስ ከትቶ፥ ከነጠርሙሱ በእሳት ቀቅሎ፥ አየር እንዳይገባበት አሽጎ የማኖር ጥበብ አለ። ዕቃውን ለገዛ ግቢያቸው ወይም ለወረዳቸው ሴቶች ማስተማሪያ ለማስመጣት የሚያስቡ ገዢዎች፥ ባለ ርስቶችና ሹማምንት፥ ከማዘዛቸው በፊት አንድ ታላቅ ነገር ሊያውቁ ይገባል። ከዕቃው ጋራ የሚመጣው መጽሐፍ በመጀመሪያ የሚጠቅሰው ሰዓትና ግፊት በባሕር ጠረፍ ወይም በቈላ ለሚኖር ሰው የተቈጠረ ነው። የደጋው ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ በኋለኛው ገጽ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ በአንዳንዱም ጭራሽ የለም። ደጋ ላይ ያለ ሰው የፊተኛውን ቍጥር ቃል በቃል ቢከተል፥ ጠርሙሱ ያምራል፤ ውስጡ ያለው ግን ቤተ ሰብ የሚፈጅ መርዝ ሊሆን ይችላል።

የጥበቡ መጀመሪያ እንዲህ ነው። (ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ጣፋጭ ሠሪ፥ ምግብን በጠርሙስ ከትቶ፥ በቡሽ ደፍኖ፥ በፈላ ውሃ ውስጥ ቢቀቅለው ሳይበላሽ እንደሚቈይ በብዙ ዓመት ሙከራ አገኘ። የፈረንሳይ መንግሥትም በ1810 ዓ.ም. 12,000 ፍራንክ ሸለመው፤ እርሱም ጥበቡን በመጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ ገለጠ። አፔር ግን ሥራውን እንጂ ምክንያቱን አላወቀም ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ሉዊ ፓስተር፥ ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን እንደ ሆኑና እሳትም እነርሱን እንደሚገድል አስረዳ። ዛሬ የሚሠራበትን፥ አፉ ላይ ጥርስ የወጣለትንና ክዳኑ የሚጠመዘዘውን ጠርሙስ ያወጣው ጆን ማሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ዘመኑም 1858 ዓ.ም. ነው።

ከነዚህ ረቂቃን አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ነው። በ1895 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር ኤልዜል በምትባል መንደር፥ በቀብር ላይ የተገኙ ሙዚቀኞች በጨው የቈየ የአሳማ ሥጋ በልተው ብዙዎቹ ታመሙ፤ ሦስቱም ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርመንገም የተባለ መምህር ከሥጋው የተረፈውን መርምሮ፥ ዛሬ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊኑም የሚባለውን ባክቴሪያ አገኘ። በሽታውም ቦቱሊዝም ይባላል። ይህ ባክቴሪያ በየአፈሩ አለ፤ ከአትክልትም ጋራ ወደ ቤት ይገባል። በአየር ፊት ስለማይራባ በየቀኑ ሰውን አይጐዳም። አየር በሌለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ፥ ርጥበትም ባለው ምግብ ውስጥ ግን ይራባል፤ በሚገባ ሳይቀቀል የታሸገ ጠርሙስ ማለት ለእርሱ የተሠራ ቤት ማለት ነው። ራሱን እንደ ዘር ፍሬ ባለ ጠንካራ ቅርፊት ስለሚሸሽግ በ100 ዲግሪ ሴንቲግራድ ለብዙ ሰዓት ቢቀቀል እንኳ አይሞትም። የሚያወጣውም መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። የበላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይኑ ብዥ ይላል፥ የዓይኑ ቆብ ይከብደዋል፥ መናገርና መዋጥ ይሳነዋል፤ በመጨረሻም ትንፋሹ ይያዛል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት፤ የበላበትም ጠርሙስ አብሮ ይሂድ።

እንግዲህ የደጋው ነገር ከዚህ ይመጣል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በደጋ ግን በላዩ የተጫነው አየር ስለሚቀል ሳይግል ቀድሞ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይጐድላል። ድሬዳዋ ላይ ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሐረርና ጅማ በ94፥ አዲስ አበባ በ92፥ ደብረ ብርሃን በ91 ገደማ ይፈላል። እሳቱን የቱንም ያህል ቢያነዱት ክፍት ድስት ከዚያ አያልፍም፤ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ይህንን ባልቴቶቻችን ሳይማሩ ያውቁታል። ከቈላ ወደ ደጋ የተዳረች ሴት ንፍሮው አልበስል አለኝ ብላ ስታማርር፥ እኅቶቿ ማገዶ ጨምሪ፥ ታገሺ ይሏታል። ለንፍሮ መታገስ ይበቃል። ለታሸገ ጠርሙስ ግን አንዳንዱ በመታገስ ይድናል፥ አንዳንዱ በመታገስም አይድንም፤ እነዚህን ሁለቱን መለየት የሥራው ሁሉ መሠረት ነው።

በመታገስ የሚድነው ኮምጣጣው ነው። ኮምጣጣነት ፒ ኤች በሚባል ቍጥር ይለካል፤ ቍጥሩም ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበዛል። ቍጥሩ ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ ያ ክፉ ባክቴሪያ ሊራባ አይችልም። ስለዚህ የብርቱካንና የእንጆሪ ዓይነት ፍሬ፥ በበቂ ስኳር የተሠራ ማርማላታም፥ በተራ ክፍት ድስት በፈላ ውሃ ተቀቅሎ ሊታሸግ ይችላል፤ ደጋ ላይ የሚለወጠው ደቂቃው ብቻ ነው። ለምሳሌ ማርማላታ በባሕር ጠረፍ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ1,830 ሜትር በላይ ባለ አገር ግን 15 ደቂቃ ይሻል።

ቲማቲም በድንበሩ ላይ የቆመ ነው። አንዱ ኮምጣጣ፥ አንዱ ለስላሳ ስለሚሆን በራሱ አይታመንም፤ ሁልጊዜ ሎሚ ይጨመርበታል። ልኩም ኳርት ለሚባለው፥ ከአንድ ሊትር በጥቂት ለሚያንሰው ጠርሙስ፥ በፋብሪካ ተጨምቆ ከታሸገው የሎሚ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፥ ወይም ሲትሪክ አሲድ ከሚባለው ኮምጣጣ ዱቄት የሻይ ማንኪያ ግማሽ ነው፤ ለግማሽ ኳርት የዚህ እኩሌታ ነው። ከገዛ ጓሮ የተቈረጠ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ቲማቲሙ በፈላ ውሃ ተነክሮ ይላጣል፤ ተጨፍልቆ አምስት ደቂቃ ይፈላል፤ ትኵስ እንዳለ ከነሎሚው ወደ ጠርሙሱ ይገባል፤ በላዩም የጣት ውፍረት ያህል ባዶ ቦታ ይተውለታል። ከዚያ ጠርሙሱ በፈላ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል፤ ከ1,830 ሜትር በላይ ላለ አገር ለግማሽ ኳርት 50 ደቂቃ፥ ለኳርት 60 ደቂቃ ነው። የባሕር ጠረፍ ሰው ለዚሁ 35 እና 45 ብቻ ያስፈልገዋል። ደቂቃውም የሚቈጠረው ውሃው በሙሉ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ውሃውም ከጠርሙሶቹ ክዳን በላይ ሁለት ጣት ያህል ይሁን።

ስለ ኮክ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ በአገራችን ብዙ አለና። ሥጋው ቢጫ የሆነው ኮክ ትኵስ ሆኖ ሲሞላ በዚሁ ከፍታ ለግማሽ ኳርት 35፥ ለኳርት 40 ደቂቃ ይቀቀላል። ሥጋው ነጭ የሆነው ኮክ ግን ኮምጣጣነቱ ከልክ በታች ሊሆን ስለሚችል በዚህ መንገድ አይታሸግ፤ ይበላ ወይም ይድረቅ። ብዙ ሰው ፍሬ ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

በመታገስ የማይድነው የቀረው ሁሉ ነው፤ ሥጋ፥ ዶሮ፥ ዓሣ፥ ፎሶሊያ፥ ካሮት፥ ድንች፥ ቦሎቄና ይህን የመሰለው። በነዚህ ላይ የፈላ ውሃ፥ ቀኑን ሙሉ ቢፈላም፥ ዋጋ የለውም። የሚያስፈልጋቸው 116 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም የሚገኘው እንፋሎቱን ዘግቶ በሚያስጨንቅ ድስት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ድስት ከነመተንፈሻው መጀመሪያ የሠራው ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ በ1679 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴርም በ1917 ዓ.ም. ኮምጣጣ ላልሆነ ምግብ ከእርሱ በቀር ሌላ የሚታመን መንገድ የለም ብሎ ወሰነ።

በእንፋሎት ድስቱም ቢሆን ደጋው አይለቀንም። የመጽሐፉ ቍጥር 10 ፓውንድ ግፊት ይላል። በባሕር ጠረፍ 10 ፓውንድ 116 ዲግሪ ያህል ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የውጭው አየር ስለ ቀለለ ያው 10 ፓውንድ 110 ዲግሪ ያህል ብቻ ይሰጣል። ስድስት ዲግሪ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በ10 ዲግሪ በጐደለ ቍጥር ባክቴሪያውን ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ ዐሥር እጥፍ ስለሚሆን፥ በስድስቱ ዲግሪ አራት እጥፍ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ክብደት የሚጫንበት ድስት ከሆነ፥ ከ300 ሜትር በላይ ባለ አገር ሁሉ የ15 ፓውንዱ ክብደት ይጫናል። በ15 ፓውንድ ፎሶሊያ ለግማሽ ኳርት 20፥ ለኳርት 25 ደቂቃ፤ ካሮት 25 እና 30፤ ሥጋ በቍራጭና ደረቅ ቦሎቄ 75 እና 90 ደቂቃ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ላለ ወረዳ ግን ሥጋውን በቋንጣ ማኖሩን እንመርጣለን፤ ቋንጣችን ያሳፈረን ነገር የለምና።

ዶሮ ወጥና ሽሮ በጠርሙስ ታሽገው ለመንገድ ስንቅ ይሁኑ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አይሆንም። ወፍራም ወጥ፥ ቅቤና ሽንኵርት የበዛበት፥ ሙቀቱን ወደ መካከሉ አያሳልፍም፤ ተፈትኖ የጸደቀ ደቂቃም የለውም።

ድስቱ ሲመረጥ አራት የኳርት ጠርሙስ ቆሞ የሚይዝ፥ በውስጡም ጠርሙሱ ከድስቱ ሆድ እንዳይነካ የሚያደርግ ርብራብ ያለው ይሁን። ባቄላ ቶሎ ለማብሰል የሚሠራበት ትንሹ የእንፋሎት ድስት ቶሎ ስለሚግልና ቶሎ ስለሚበርድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጠርሙሱም የተሠራለት ይሁን፤ የአረቄና የቡና ዱቄት ጠርሙስ በመካከል ይሰነጠቃል። አፉን በጣት ዳስሶ ሸራፋ የሆነውን መለየት ነው። የሚጠመዘዘው ቀለበት ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ የሚያሽገው ስስ ክዳን ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚህ የሚቈጥብ ሰው ጠርሙሱን ሁሉ ያጣል።

ድስቱ ከተከደነ በኋላ ክብደቱ ወዲያው አይጫንም። እንፋሎቱ በመተንፈሻው በብርቱ እየወጣ 10 ደቂቃ ይቈያል፤ በውስጥ የቀረ አየር ካለ ግፊቱን እየጨመረ ሙቀቱን ያሳንሳልና መለኪያው ይዋሻል። ከዚያ ክብደቱ ተጭኖ ግፊቱ ከሞላ በኋላ ደቂቃው ይቈጠራል። በመካከል ግፊቱ ከተወሰነው ቢወርድ እሳቱን አንሥቶ ደቂቃውን ከመጀመሪያ መቍጠር ነው፤ የቀረውን ብቻ መጨመር አይበቃም። ሲያበቃ ድስቱ ከእሳት ተነጥሎ በራሱ ይበርዳል። ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስበትም፥ ክብደቱም በጭልፋ ጫፍ ተነክቶ አይነሣም። ግፊቱ ፈጽሞ ከወረደ በኋላ ክብደቱ ይነሣል፤ ዐሥር ደቂቃም ታግሦ፥ ክዳኑን በፊት ለፊት ሳይሆን ከራስ አርቆ ማንሣት ነው።

ይህንን የሚጽፈው ሰው በአንድ የደጋ ቤት ያየው አለ። እንግዶች ማዕድ ላይ ተቀምጠው ስለ ነበር፥ ወጥ ቤቷ ቶሎ በይ ተብላ ክብደቱን አነሣችው፤ የጠርሙሱ መረቅ ከነእንፋሎቱ ተወርውሮ ከእጇ እስከ ክርኗ ላጠው። ድስቱን የገዛው ጌታ በአዳራሽ ነበር። ዕቃውን የሚያዝዝ ሌላ፥ ከዕቃው ፊት የሚቆም ሌላ ስለ ሆነ፥ ትእዛዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ማድ ቤቱንም ሊመለከት ይገባል።

ስለ ማድ ቤቱም እንዲህ ነው። በሦስት ጕልቻ ላይ እንዲህ ያለ ድስት ማቆም አደጋ ነው፤ ውሃና ጠርሙስ የሞላበት ድስት ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ይገለበጣል። ምድጃው ሰፊና ጠፍጣፋ፥ ቁመቱም ሠራተኛዪቱ ጐንበስ ሳትል የምትሠራበት ይሁን። ባዶውን ድስት በምድጃው ላይ አስቀምጦ ውሃውን በዚያው መሙላት ነው እንጂ ሞልቶ መሸከም አይገባም፤ ማንሣት ግድ ከሆነም ሁለት ሰው ያንሣ። የእንጨት እሳት ይነዳል ይጠፋል፤ ግፊቱም ከእርሱ ጋራ ይወጣል ይወርዳል። በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ መሥራት ይሻላል፤ ይህ ባልተገኘበት ግን በጎን ሌላ ፍም እየተያያዘ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። ከሰል በሚነድበት ቤት በርና መስኮት ይከፈት፤ የከሰል አየር ሳይታይ ያፍናል፥ ይህም ሥራ ከአንድ ሰዓት በላይ በአንድ ስፍራ ያስቆማል። ነጠላ ይውለቅ፥ የቀሚስ እጅጌ ይታሰር፥ ልጆች ይራቁ። መላጡና መክተፉ ተቀምጦ ይሠራ። ትኵሱ ጠርሙስ በጕጠት ይያዝ፤ የሚቀመጠውም በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ሳይሆን በጨርቅ ወይም በእንጨት ላይ፥ ነፋስ በማይመታው ስፍራ ነው።

ሥራው በጧት ይጀመር፤ በአንድ ቀንም ድስቱ ሁለት ጊዜ ከሚይዘው አይበልጥ፤ የደከመ ሰው ደቂቃ ይሳሳታልና። በፊቷ ሰዓት ይሰቀልላት፤ ቍጥር የማታነብ እንደ ሆነች በሰዓቱ ፊት ላይ ምልክት ይደረግላት። ከሁሉ ይልቅ ደቂቃ በምትቈጥርበት ጊዜ ለእንግዳ ቡና አፍዪ ተብላ እንዳትጠራ የቤቱ ጌታ ራሱ ይዘዝ።

በማግስቱ የክዳኑ መካከል በጣት ይነካ። ወደ ውስጥ ሰርጕዶ የማይንቀሳቀስ እንደ ሆነ ታሽጓል። ጫን ሲሉት የሚዘልል እንደ ሆነ አልታሸገም፤ ያው ቀን ይበላ። ቀለበቱ ይወጣል፥ ጠርሙሱ ይታጠባል፥ የምግቡ ስም፥ ቀኑና የተቀቀለበት ደቂቃ ተጽፎ ይለጠፍበታል፤ ብርሃን በሌለበት ቀዝቃዛ ስፍራም ይቀመጣል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ይበላ። ክዳኑ ያበጠ፥ ሲከፈት የሚፈናጠር፥ የሸተተ ወይም የደፈረሰ ጠርሙስ አይቀመስም፤ በምላስ ጫፍ እንኳ አይሞከርም። ውሻም ዶሮም በማያገኘው ጕድጓድ ይቀበር። መልካም የሚመስለውም ቢሆን፥ በእንፋሎት ድስት የታሸገ አትክልትና ሥጋ ሲከፈት፥ ሳይቀመስ፥ በባሕር ጠረፍ 10 ደቂቃ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩም አንድ ደቂቃ ይጨመራል። አዲስ አበባ ላይ 18 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ማፍላት በሚገባ የታሸገውን ለማጽናት ነው እንጂ፥ ደቂቃው የጐደለውን ወይም የተበላሸውን ጠርሙስ ለማዳን አይደለም።

ወረዳው ሥራውን ሲጀምር፥ ከዕቃው ጋራ አንድ የሙቀት መለኪያ ይታዘዝ። በመጀመሪያው ቀን ተራ ውሃ በክፍት ድስት ይፈላ፤ መለኪያው የሚያሳየው ዲግሪ ከወረዳው ከፍታ ጋራ በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ የሚሠራበትም ሠንጠረዥ በዚያ ከፍታ ልክ ተቀድቶ በአጠገቡ ይሰቀል። በመጀመሪያው ዓመት ማርማላታና ቲማቲም ብቻ ይሠራ፤ የእንፋሎት ድስቱ እጅ ከለመደ በኋላ ይከተል። የግፊቱ መለኪያ እንደ ሰዓት ዘንግ ያለው ድስት ከሆነ መለኪያው በየዓመቱ መመርመር አለበት፤ የሚመረምር ሰው በማይገኝበት ወረዳ ግን ክብደት የሚጫንበት ድስት ይታዘዝ።